ለክቡር የፈረስ የዝናብ ካባ፣ ባሉበት

ቀን፦ ጋማው ካለቀ በኋላ
ጉዳዩ፦ በጥበቃ ስም የሚፈጸም የጋማ ላጭነትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ ለፈረሱ ጀርባ ስለዋሉት ውለታ ምስጋናችን ይድረስዎ። በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሚድልበርግ ዙሪያ ባሉት የፈረስ መስኮች የፈረንጁ ክረምት በረዶ ልሁን ዝናብ ልሁን እያለ ሲያመነታ፣ እርስዎ ያረፉበትን ወገብ አንድ ጠብታ አልነካውም። ዳሌው ደረቅ ነው፤ ጎኑ ደረቅ ነው። ጋማው ግን የለም። የነበረበት ቦታ እንደ ምልምል ወታደር ራስ ተከርክሞ ቀርቷል። የፊት በሩን እንዲጠብቅ የቀጠሩት ዘበኛ በጓሮ በኩል ዕቃ ሲያወጣ ቢያገኙት ምን ይሉታል?

የአገራችን መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። እንደ እርስዎ ከፈረስ ጀርባ የማይወርድ ባለማዕረግ ያለ ፈረስ ስም መቅረቱ ነውር ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ «አባ ላጨው» ብለንዎታል።

ክቡር አባ ላጨው፤ መከላከያዎን በቃላችን ይዘነዋል። መጀመሪያ «1200 ዲኒየር» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ሜዳይ ያሳያሉ። ዲኒየር የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው፤ የክሩን ውፍረት ይናገራል፣ በቃ። ተናካሽ ጎረቤት ላለው ወይም አጥር ለሚታከክ ፈረስ 1200 ከ600 ይሻላል። ውሃን የሚከለክለው ግን ጨርቁ የተቀባው ስስ ሽፋንና የስፌቱ መታሸግ ነው፤ ጋማን ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አያተርፈውም። ቀጥለው «ውስጤ ሳቲን ነው» ይላሉ። ሳቲኑን በእጅ እየዳበስን ስንከተለው ትከሻው ላይ አለ፤ ጋማው የሚፈተግበት የአንገት ጠርዝ ጋ ሲደርስ ያልቅና ደረቁ የናይለን ጥብጣብ ይጀምራል። አንዳንዶቻችሁ ጠርዙ ላይ የበግ ጠጉር መሰል ለስላሳ ነገር ታስለጥፋላችሁ። በደረቅ ቀን መልካም ነው። ዝናብና ጭቃ ጠጥቶ፣ የድርቆሽ ስባሪ ሰብስቦ ሲደርቅ ግን ብሩሽ ይሆናል።

ነገርን ከሥሩ ከተባለ፣ ከጨርቅዎ ይልቅ የሚላጨው ቅድዎ ነው። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ይግጣል። ገዢው የሚለካው ግን ጋጣ ውስጥ፣ ፈረሱ ለፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀና ብሎ እንደቆመ ነው። ቀና ሲል ልክ የመሰለው የአንገት ቀዳዳ ሲደፋ ይጠብቃል፣ ጠርዙም የጋማው ሥር ላይ ይነክሳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ እርምጃ እንደ መጋዝ ወደፊትና ወደኋላ ነው። ስለዚህ ካባ ሲሞከር መሬት ላይ እፍኝ ድርቆሽ ይጣልና ፈረሱ ያጎንብስ፤ ያኔ በጠርዙና በጋማው መካከል ጠፍጣፋ እጅ ያለ ትግል ካልገባ ካባው ይመለስ። (ከመሞከሩ በፊት በፈረሱ ጀርባና በካባው መካከል ንጹሕ አንሶላ ይነጠፍ፤ ጠጉር የያዘ ዕቃ ሱቅ መልሶ አይቀበልም።)

ወንጀሉንም ከቦታው ለይተን እናውቃለን። ጋማው የተሰበረው ከትከሻው ጉብታ ፊት ባለው አንድ ጋት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ካባው ወደኋላ ተንሸራቶ ጋማው ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ ጠርዙ ሊቀመጥ የሚገባው ከጉብታው ፊት እንጂ ላዩ ላይ ወይም ከኋላው አልነበረም። የተመለጠው የአንገቱ አጋማሽ ከሆነ አንገተ ረጅሙ ቅድዎ ነው። ይህ ቅድ ጉብታውን ከጫና ለማሳረፍ የተሠራ ነው፣ እውነትም ያሳርፈዋል፤ ጫናውን ወደ ላይ እያዛወረ። ረጅምና ቀጭን አንገት ላለው ይስማማ ይሆናል፤ አንገቱ እንደ ወይፈን ለደነደነ አጭር ፈረስ ግን ማነቂያ ነው። ከጆሮ ሥር እስከ ትከሻ ሙልጭ ብሎ ከሄደ ተጠርጣሪው የአንገት ሽፋኑ ነው፤ በተለይ መካከሉ ላይ ያለው ስፌት ልክ ጋማው ላይ ካረፈ። ጠጉሩ እንደ ገለባ ተሰብሮ በመቆም ፈንታ ቆዳው እየተቀረፈ፣ ፈረሱም ካባ ሳይለብስ ጭምር ራሱን የሚያክ ከሆነ ግን በዚህ አንከስዎትም፤ ቅማል ይፈለግ።

ግብረ አበርዎም ተደርሶበታል፤ ሜትር የሌለው ገዢ ነው። «ሰፋ ይበል፣ ለከርሞም ይሆነዋል» ይላል፣ የልጅ ዩኒፎርም እንደሚያሰፋ ሰው። ያደገ ፈረስ ለከርሞ አይረዝምም፤ ሰፊው ካባ ግን ዛሬውኑ ወደኋላ ይሸሻል፣ ሲሸሽም ጋማውን ይዞ ነው። ሽሽቱን ያየ ባለቤት ደግሞ የደረቱን ዘለበት ያጠብቃል። አሁን ካባው በአንድ በኩል ወደኋላ እየተጎተተ በሌላ በኩል አንገት ላይ ታስሯል፤ ከዚህ የተሻለ የምላጭ አያያዝ አይገኝም። ልኬቱ ከባድ አልነበረም፦ ፈረሱ ደልዳላ መሬት ላይ አራቱን እግር አስተካክሎ ይቁም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ከደረቱ መካከል ይነሣና በትከሻው ወፍራም ቦታ በኩል በጎኑ ቀጥ ብሎ እስከ ቂጡ ጫፍ ይሂድ። አሜሪካ ውስጥ የካባው ቁጥር ያው የኢንቹ ቁጥር ነው፤ እንግሊዞች በጫማና በኢንች ስለሚጽፉት 78 ኢንች እዚያ 6 ጫማ ከ6 ይሆናል። አንዱ አምራች በየ2፣ ሌላው በየ3 ኢንች ስለሚዘል፣ 76 የወጣው ፈረስ በየ3 በሚዘለው ዘንድ 75 እና 78 መካከል ይወድቃል። ያኔ ሁለቱንም አስመጥቶ አንገቱን መጠየቅ ነው እንጂ ከቁጥር ጋር ክርክር የለም።

ክብደትዎም ያስከስስዎታል። ለዝናብ ብቻ ከሆነ ሙሌት የሌለው፣ 0 ግራም የሚባለው ይበቃል (ግራሙ የሙሌቱ ክብደት በካሬ ሜትር ነው)። ገዢው ግን አንጀቱ አልችል እያለው 300 ግራም ሙሌት ያለብሳል፤ ፈረሱ ከሥር ያልበዋል፣ ከላይ ክብደቱ ጋማውን ይጎትታል። ሙቀትና እርጥበት አብረው ቆዳ ላይ ሲታፈኑ ደግሞ ደርማቶፊለስ የሚባለው ባክቴሪያ በጀርባው ላይ ቅርፊት ያወጣል። የክረምት ጠጉሩን ሙሉ ያበቀለና መጠለያ ያለው ጤነኛ ፈረስ ጭራሽ ላያስፈልጉትም ይችላሉ። ይህን በማስታወቂያዎ ላይ አላነበብንም።

ስለ ማሰሪያዎችዎ በአጭሩ፦ የሆዱ ሁለት ማሰሪያዎች ተመሳቅለው በእነሱና በሆዱ መካከል አንድ ጋት ይትረፍ። ከዚያ በላይ ከላላ ካባው ወደ ጎን ይዞርና ጋማውን ወደዚያው ያዞረዋል፤ ፈረሱ ሲነሣና ሲተኛም እግሩ ሊገባበት ይችላል። ትከሻው ላይ ትርፍ ጨርቅ ያልገባበት ካባ ደግሞ እግር በተዘረጋ ቁጥር አንገቱን ይስባል።

ስለ ተነቃዩ የአንገት ሽፋን ቬልክሮ፣ ስለዚያ ተጣባቂ ማያያዣ፣ ግን ዝም አንልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ባለቤቱ በጨለማ ሲያያይዘው የጋማው ጫፍ መሐል ይገባል፤ ጠዋት ሲላቀቅ የሚሰማው «ጭርር» የቬልክሮው ድምፅ ብቻ አይደለም። ከመግጠም በፊት ጋማውን ወደሚተኛበት ጎን በእጅ ማሳረፍ፣ ካስፈለገም ሲሊኮን ያለበትን የጋማ ቅባት መንፋት ይረዳል፤ ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ እንዳይደርስ ብቻ፣ ያንሸራትታል። ከሥር የሚለበሰው የሊክራ (የሚለጠጥ ጨርቅ) ቆብም አንገቱን እስከ ላይ የሚሸፍን ሲሆን ይጠቅማል፤ ደረትና ትከሻ ብቻ የሚሸፍነው የትከሻን መላላጥ እንጂ የጋማን አያስጥልም።

እንደ እርስዎ ያለ ሰው በልብስ ሳሙናና በሙቅ ውሃ መታጠብ እንደማይወድም እናውቃለን። ሳሙናው ጨርቁ ላይ ሲቀር ውሃን ይጋብዛል፣ ውሃ የጠጣ ካባ ይከብዳል፣ የከበደም ወደኋላ ይሄዳል፤ ወደኋላ ሲሄድ የሚይዘውን ደግሞ ነግረንዎታል። ለውሃ መከላከያ ጨርቅ በተሠራ ማጠቢያ፣ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ውሃ ይታጠቡ፣ ማድረቂያ ማሽን ሳይገቡ ተሰቅለው ይድረቁ።

እስከዚያው ባለቤቱ በየቀኑ አውልቆ ጠርዝዎን ይመረምራል። ሦስትና አራት የጋማ ጠጉር ተጣብቆ ከተገኘ የሥራ ውልዎ በዚያው ቀን ይቋረጣል።

ከሰላምታ ጋር
የጋማ ተቆርቋሪዎች

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊ ሜትር፣ ባለበት (መሳቢያ ውስጥ)
ለቬልክሮ፣ በአስቸኳይ
ለፈረሱ፣ ለመረጃ ያህል፤ ራሱን ደፍቶ እየጋጠ ስለሆነ አያነበውም