«ተፈጥሮ ነው እኮ!»

ከንፈሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ አንገቴን እያከክኩ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ዛሬም እርድ ነው፤ ያ አለርጂ የሆነብኝ ቢጫ ቅመም። ሌላ ምን ይሆናል!

የባለቤቴ አክስት ቤት ዶሮ ቀረበ። «እትዬ፣ እርድ የለበትም አይደል?» አልኩ በትሕትና። «ኧረ ልጄ! ቀይ ወጥ ላይ ማን እርድ ይጨምራል?» ብለው ማሉልኝ፤ ወዲያው ጉርሻ ጠቅልለው መጡ። ጥፍራቸው ሥር ቢጫው ይታየኛል፤ ግን ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ብሎ የተረተው ሰው አለርጂ አልነበረበትም።

በሁለተኛው ጉርሻ ከንፈሬ ይቆጠቁጠኝ ጀመር።

«እትዬ፣ ቅቤው በምን ነው የተነጠረው?»

«በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በአብሽ…» ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «እርድም ለመልኩ ያህል ጣል አድርጌበታለሁ። ተፈጥሮ ነው እኮ! ኬሚካል አይደለም። እርድ ማንን ነክቶ ያውቃል?»

«እኔን።»

«አይ የዛሬ ልጆች! ስንቱ የሚበላው አጥቶ…»

ማዕዱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዱ አጎት «ቢጫ የሚጠላ ዛር ይኖርባት ይሆናል» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴም ሳቀ። ከእሱ ጋር ማታ እንነጋገራለን።

ተፈጥሮ! ሳማም ተፈጥሮ ነው፤ በባዶ እጃችሁ እስቲ እሹት። መርዛሙ አስተናግርም ከጓሮ ነው የሚበቅለው። የፋብሪካ ቀለም አመመኝ ብል ኖሮ «ይህ የፈረንጅ መርዝ!» ብለው ደረት ይመቱልኝ ነበር። ብስኩት ማሸጊያ ላይ በጉንዳን ፊደል «ኢ 100» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው የእርድ ቀለም መሆኑን ማን ይንገራቸው? አይብና ማርጋሪን ላይ የማገኘው «ኢ 160ቢ» ደግሞ አናቶ ከሚባል ተክል ፍሬ የሚወጣ ነው፤ እሱም አይምረኝም። ፋብሪካው ግን ቢያንስ ይጽፋል። እትዬ ይምላሉ።

መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለው ምግብ ቤትማ አይነሳ። ዓርብ በየዓይነቱ አዝዤ ድንቹም፣ ክኩም፣ ጥቅል ጎመኑም ቢጫ። «አልጫውን ትተሽ ሽሮውን ብዪ» አለኝ አስተናጋጁ። መረቁ እንጀራውን አቋርጦ ሽሮው ውስጥ ገብቷል እኮ! ነጠላዬ ላይ የተንጠባጠበው እንኳ ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም፤ ከሆዴ እንዴት ይለቃል?

ደከመኝ። ከእንግዲህ ሰው ቤት ስጠራ በልቼ ነው የምሄደው። ያም «ናቀችን» ያስብላል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብልቃጥ ቅቤ ተቀምጧል። ከእትዬ ቤት ስወጣ በፌስታል ያስያዙኝ ነው። «ይኸኛው እርዱ ቀነስ ያለ ነው» ብለውኛል።