ይድረስ ለክቡር የቢሯችን መስኮት

ጉዳዩ፦ አልከፈትም ማለትዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ሙቀት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፈው ከስድስተኛ ፎቅ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራ ፊትዎ ቆማለች። እርስዎም እንግዳ አክባሪ ነዎትና ሙቀቷን ግባ ብለው አስገቡት። መውጫ ግን ከለከሉት። ውጭ 22 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ እንደ ድሬዳዋ ማላብ የእርስዎ ስጦታ ነው።

መቼም ቁመናዎን አይቶ የሚያማዎት የለም። ወርድዎ 2 ሜትር፣ ቁመትዎ 1 ሜትር ተኩል። የሚከፈተው ግን ከታች ጥግ ላይ ያለችው 50 በ50 ሳንቲሜትር ብቻ ናት። እሷም አራት ጣት ያህል ገፋ ትልና "በቃኝ" ትላለች። ትናንት ውጭ ነፋስ መኖሩን ላረጋግጥ እጄን ባሾልክ ክርኔ ላይ ያዘችኝ። ያስለቀቀኝ ጥበቃው ነው።

ክቡርነትዎ፣ አየር መስታወት አይቶ አይገባም። የሚያውቀው ቀዳዳውን ነው። የሰፈራችን የጭቃ ቤት የእንጨት መስኮት ግማሽዎን አያክልም። ወለል ብሎ ሲከፈት ግን ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ተንሸራታቹ የአጎትዎ ልጅ እንኳ አንዱን መስታወት በሌላው ላይ ደርቦ ግማሹን ይለቃል። ግማሽ ለእኛ ሠርግ ነው።

መግቢያ ብቻም አይበቃም። መግቢያው የቤተ መንግሥት በር ቢያህል፣ መውጫው የመርፌ ቀዳዳ ከሆነ የሚያልፈው በመርፌዋ ልክ ነው። የእኛ ክፍል ደግሞ መስኮት ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ነፋስ ከጣሪያው ከፍታ ሁለት፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል እጥፍ አልፎ እንደማይዘልቅ አርክቴክቶች በልምድ ያሰላሉ። ጣሪያችን 2 ሜትር ከ70 ነው። የእኔ ወንበር ከእርስዎ 8 ሜትር ይርቃል። ነፋሱ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጋ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። እሷ ደግሞ "ብርድ መታኝ" ብላ ትዘጋዋለች! (ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚያስዘጉት ዘመዶቿ ሳይሆኑ አይቀሩም።)

ባለፈው ሳምንት በራችንና የፊት ለፊቱ ቢሮ መስኮት አንድ ላይ ተከፍተው ነበር። ወይ ጉድ! ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሲያልፍ ደረሰኙ ሁሉ ከጠረጴዛ ተነሥቶ በረረ። ሦስት ደቂቃ ያህል ሰው ሆንን። አለቃችን በሩን አስዘጉ።

በአያቴ ጎጆ ውስጥ ሙቀቱም ጭሱም ሽቅብ ወጥቶ በሣር ክዳኑ መሐል ሾልኮ ይሄድ ነበር። መሐንዲስ አላማከረችም። እርስዎ ግን ከላይ አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለዎትም። ስለዚህ ቬንትሌተር ተገዛልን። እሱም የራሳችንን ትንፋሽ መልሶ መላልሶ ያቀርብልናል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የ8ኛው ሜትር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለበሩ
ለቬንትሌተሩ (መብራት ሲመጣ እንዲያነበው)