ይድረስ ለራዲያተሬ ክዳን

ይድረስ ለተከበሩት ለራዲያተሬ ክዳን፣
ካሉበት፣ ከአሮጌ ብሎን ጣሳ ውስጥ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ መንገድ ላይ ከመቅረት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። በዚህ ብርድ የምትፈላው መኪናዬ ዲኤክስ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ክብር ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ብዙ ሰው እርስዎን ቡሽ አድርጎ ያያል። ውሃ እንዳይፈስ የተወተፉ። አይደሉም። ውሃ ደጋ ላይ ቶሎ ይፈላል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና እዚያ 90 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ዳገት ለሚወጣ ሞተር ደግሞ 90 ዲግሪ ቁርሱ ነው። እርስዎ ግን በሞላዎ ውሃውን አፍነው ይዘው ከ110 በላይ እስኪደርስ አያፈሉትም። ግንባርዎ ላይ የተጻፈው 0.9 ማዕረግዎ ነው። ያን ያህል ግፊት ይችላሉ ተብለው ነበር። ነበር ነው ያልኩት።

ያን ቀን ከሸዋ ሮቢት ስመጣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁ። ጠመዝማዛውን እንደጀመርኩ የሙቀት ጌጁ ቀይ ገባ። ከኮፈኑ ሥር እንደ አረቄ ቤት እንፋሎት ወጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጭላዶች ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ሣር እየነጩ ያዩኛል። አንዱ ባለ ጎፈር የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ። በዕድሜዬ እንዲህ በግልጽ የሳቀብኝ የለም።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። በጨርቅ ይዤ ልከፍትህ ስል ክንዴን የቀቀልከው አንተ ነህ። (እርግጥ ሞተር በጋለበት ክዳን አይነካም። ቱቦው በእጅ እስኪያዝ መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ደብዳቤው የእኔ ስለሆነ ጥፋቱ የአንተ ነው።)

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ «ቴርሞስታቱ ነው፤ ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ነቅሎ ወረወረው። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግድ በር ነው። ለእኛ አገር! ደብረ ብርሃን ላይ! ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሞተሯ ሳትሞቅ ሥራ ቦታ እደርሳለሁ፤ ቤንዚኑን ግን እንደ ጉድ ትጠጣዋለች። ዳገት ላይ መፍላቷንም አልተወችም። ቀጥሎ የውሃ ፖምፑ ተቀየረ። ቀጥሎ «ቴስታታው ይውረድ» ተባለ፤ የሞተሩ ራስ ማለት ነው። ቴስታታ የሚባል ቃል ሰምቶ ኪሱን ያልዳሰሰ ደሞዝተኛ ካለ አሳዩኝ። አንተ ይህ ሁሉ ሲሆን ከፊት ተቀምጠህ ዝም። ሲከፍቱህ ትከፈታለህ፣ ሲዘጉህ ትዘጋለህ፤ አንዲት ቃል አትተነፍስም።

ያጋለጠህ የጋራዡ ትንሽ ልጅ ነው። ሞተሯ እየሠራች የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ አደረገው። «ጋሼ፣ ሞተሩ ግሎ ቱቦው ለምን ልፍስፍስ አለ? ድርቅ ማለት ነበረበት» አለኝ። ስትበርድ ገለበጥንህ። ጎሚኒህ እንደ ግንቦት መሬት ተሰነጣጥቋል። በጥፍሩ ቢነካው ተፈርፍሮ ወደቀ። ግፊቱ ለካ በአንተ በኩል ያመልጥ ነበር። ሞላህ ደግሞ ዝገት ለብሷል። (ኩላንት ውድ ነው ብዬ ያገኘሁትን ውሃ ስሞላ የኖርኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም እንዳትናገር።)

አዲሱ 0.9 ከአንድ ኪሎ ሥጋ በታች ዋጋ ወጣበት። ቴስታታው ሳይነካ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ ወጣሁ፤ ጌጁ ንቅንቅ አላለም። ጭላዶቹ ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም።

አክባሪህ፣
ክንዱ የተላጠው

ማስታወሻ፦ መካኒኩ ቴርሞስታቱን ወዴት እንደወረወረው አይተህ ከሆነ ጻፍልኝ። ጠዋት ጠዋት በጣም ይበርዳል።