«አንድ መስመር እኮ ናት!»

ዛሬስ ልናገረው፣ ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲስተማችን የጳጉሜን ቀናት የሚያጣራበትን ኮድ ነካክቶ ሪቪው አድርግልኝ፣ ከመግባቱ በፊት እይልኝ አለ። ከፈትኩት። የተቀየረው አንድ መስመር ነው፦ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ናት ይላል። የፈረንጁን ሕግ እንዳለ አምጥቶ! የኛ እኮ ቀሪው 3 ሲሆን ነው። 2015ን ለ4 አካፍሉት፣ 3 ይተርፋል፤ ጳጉሜ 6 ሆነች፣ የ2016 እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ዋለ። በዚህ ኮድ ግን ጳጉሜ 6፣ 2015 የተወለደ ልጅ ሲመዘገብ «የተሳሳተ ቀን» ይባላል። ጭራሽ ያልነበረችው ጳጉሜ 6፣ 2016 ደግሞ ሰተት ብላ ትገባለች።

«ጳጉሜ 6፣ 2015ን ሞክረኸዋል?»
«ቴስቱ አረንጓዴ ነው፣ አልፏል።»
«የትኛው ቴስት?»
«ያለው ነዋ! አንድ መስመር እኮ ናት። ሥራ ከፈታህ ሌላ የሥራ ቲኬት እንስጥህ።»

ግሩፑ ላይ፣ ሁሉም እያየ። ሦስት ሰው ሳቀ።

ቴስት ማለት ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ ነው፤ ይሄ «ያለው» የተባለው የሚፈትነው ግን ጳጉሜ 5፣ 2014ን ብቻ ነው። ጳጉሜ 5 የሌለችበት ዓመት አለ እንዴ? ኮዱ ትክክል ሆነም ተበላሸም ያልፋል። ዘበኛው ተኝቶ ኮቱ በር ላይ የተሰቀለ ማለት ነው።

ቴስቱ ላይ እንዲጨምር የጠየቅኩት እኮ አራት ረድፍ ነው! ጳጉሜ 6፣ 2014 «የተሳሳተ ቀን» ተብላ ትመለስ። ጳጉሜ 6፣ 2015 ትግባ። ጳጉሜ 7፣ 2015 ትመለስ። ጳጉሜ 6፣ 2016 ትመለስ። ከዚያ ሕጉን ሆን ብለህ አበላሽና አሂደው፤ ቀይ ካልወጣ፣ ማለትም ካልወደቀ፣ ቴስት አልጻፍክም። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደግሞ ነገር ነገርን ያነሳዋል፦ ሁለት መስመር ለውጥ 400 መስመር ፎርማት ማስተካከያ ውስጥ ቀብሮ የሚልክስ? ለየብቻ ኮሚት አድርጉት፣ ለየብቻ መዝግባችሁ ላኩት፣ ምኑን ከምኑ ልለይ! ቴስት ውስጥ «ዛሬ»ን ከሰርቨሩ ሰዓት የሚጠራም አለ። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት እዚያ ገና ትናንት ነው። ቀን ያልፋል፣ ሌሊት ይወድቃል። «ፍሌኪ ነው (አንዴ ያልፋል አንዴ ይወድቃል)፣ ሪራን አድርገው፣ እንደገና አሂደው» ይሉሃል። ኧረ ባግ ነው፣ የኮድ ስህተት! ሰዓቱን ቴስቱ ውስጥ ቁርጥ አድርጋችሁ ስጡት፣ ዩቲሲ 21:30 በሉት፣ ያኔ ሁልጊዜ ይወድቃል፣ ታገኙታላችሁ።

ደከመኝ በእውነት። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው፤ የዚያን ቀን ሲስተሙ የዕለቱን ቀን አልቀበልም ሲል ይህችን መስመር ማን ያስታውሳታል? የሚደወለው ተረኛ ለሆነው ምስኪን ነው።

ለውጡን አፕሩቭ አላደርግም፣ አላጸድቅም። አራቷን ረድፍ ይጨምርና ይጥራኝ፣ በዚያው ደቂቃ አያታለሁ።