ምስጋና ለባለ ደረሰኙ መንጋጋ

ባለፈው እሑድ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ማኪያቶዬ ሳይበርድ የሰው መንጋጋ እንድጎበኝ ስለተደረግሁ፣ የጥርስ ሕክምናን ጥራት በደረሰኝ ለሚለኩ ወገኖቻችን ያለብኝን የምስጋና ዕዳ ዛሬ እከፍላለሁ። እነርሱ ባይኖሩ የመንግሥት ጤና ተቋም ለጉጠት፣ የግል ክሊኒክ ለጥርስ መሠራቱን ማን ይነግረን ነበር?

ባለ መንጋጋው በአንድ እጁ ጉንጩን ወደ ጎን ስቦ፣ በሌላው የስልኩን መብራት አብርቶ ማስጎብኘት ጀመረ። ጉንጩ እንደተሳበ መናገር ስለማይቻል፣ ለማሳየት ይስባል፣ ዋጋውን ለመናገር ይለቃል፤ እንደገና ይስባል። መጀመሪያ ነርቩ ወጥቶ ሥሩ የታከመውን አየን፤ ቀጥሎ ሽፋን የለበሰውን፤ ከበስተኋላ ደግሞ ቀጠሮውን የሚጠባበቀውን ፍርስራሽ። ጎንደሬ ነኝና የጉብኝት ወግ አላጣሁም፤ የፋሲል ግንብ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ መንጋጋ የቀረው ገና ስላልታደሰ ብቻ መሆን አለበት። ሒሳብ ልትቀበል የመጣችው አስተናጋጅ ጎንበስ ብላ እንድታይ ተደረገ፤ ሊስትሮውም ብሩሹን እንደያዘ ተጋበዘ። የእኛ ግንብ እንኳ ያለ ትኬት አያስገባም።

«ማን ሠራልህ?» ቢሉት፣ ጠዋት ጠዋት በመንግሥት ተቋም የሚሠራው ሐኪም መሆኑን በኩራት ነገረን። ይህ እንግዲህ ታላቅ ግኝት ነው፤ ጠዋት «ነቃይ» ተብሎ የሚናቀው እጅ፣ በባጃጅ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ተጉዞ አመሻሽ ላይ ባለ ሙያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። የጥርስን ሥር ማከም ራጅ፣ ቀጫጭን መሣሪያዎች፣ መሙያና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ለመንቀል ግን ማደንዘዣና ጉጠት ከተገኘ አንድ ቀን ይበቃል። ስለዚህ መሙያው ባለቀበት የመንግሥት ክፍል ውስጥ ሊድን የሚችል ጥርስ ይነቀላል፤ ሐኪሙ ስላልቻለ አይደለም፣ ባዶ እጁን ስለቆመ ነው። አንዲት የገጠር እናት የልጇን መንጋጋ አስነቅላ ስትወጣ «ግድ የለም፣ የወተት ነው፣ ይተካል» ስትል ሰምቻለሁ። አይተካም! የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ፣ አንድም ሳይወልቅ ስለሚበቅል ነው ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው። ለዚያች እናት «የግል ይሻላል» ብሎ መምከር ስድብ ነው፤ ለሙሌት የሚጠየቀው ገንዘብ ከኪሷ ቢኖር ኖሮ ሌሊት ተነሥታ ወረፋ ባልያዘች ነበር።

ወደ በረንዳው ልመለስ። ጉብኝቱ ሲያበቃ ባለ መንጋጋው ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ?» አለኝ። እኔም በወጉ ጉንጬን ስቤ፣ ከዓመታት በፊት የተነቀለውን የታችኛውን መንጋጋ ክፍት ቦታ አሳየሁት። መብራቱን አስጠግቶ በጥሞና ተመለከተ።

«ስንት ከፈልክ?»

«የካርድ ብቻ።»

መብራቱን አጠፋው።