ጎመኑን ገልጣ ፈተሸችኝ

አሁን ቤት መግባቴ ነው። የሳምባሉ (የማሌዥያ ዳጣ በሉት) ሽታ ገና ከእጄ አልለቀቀም። ዝም ብዬ ልተኛ ነበር፣ አልቻልኩም።

ያቺን ጥግ ላይ ያለች ቤት ታውቋታላችሁ። ናሲ ቻምፑሯን፣ ሩዝ ከተለያየ ወጥ ጋር የምትሸጠውን። ሩዝ ይጨልፉልሃል፣ ከተደረደረው ትሪ የፈለግከውን ራስህ ታነሳለህ፣ ከዚያ ሳህንህን ይዘህ ሴትየዋ ፊት ትቀርባለህ። ሚዛን የለ፣ የዋጋ ወረቀት የለ። ሳህኑን ታያለች፣ ቀጥላ ፊትህን ታያለች፣ ያሰኛትን ትጠራለች። ማሌዥያ ውስጥ እኮ ዋጋ መለጠፍ በሕግ ግዴታ ነው! የጃኪም (የመንግሥቱ የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት) የሐላል ምስክር ወረቀት በሚያምር ፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለዋጋ ዝርዝሩ ሚስማር ጠፋ?

ከፊቴ ያለው ልጅ ዶሮ አለው፣ ስኩዊድ አለው፣ መረቁ ከሳህኑ ሊፈስ ነው። ዘጠኝ ሪንጊት። እኔ ሩዝ፣ ካንግኩንግ (ያው ጎመን በሉት) እና መዳፌን የማትሞላ የተጠበሰች አሳ። አሥራ ሁለት!

«ካክ፣ ለምን አሥራ ሁለት?» አልኳት። ካክ ማለት እትዬ ነው፣ አክብሬ ነው የጠየቅኩት።

«ኢካን ማሃል፣ ዲክ።» አሳ ውድ ነው፣ ወንድምዬ። ወንድምዬ እያለች ነው የምታርደኝ።

«ይቺ እኮ ትንሽ ናት።»

ምናለ አፌን ብዘጋ። መቆንጠጫዋን አነሳች። ካንግኩንጉን ቀስ አድርጋ ገለጠችው። ከሥሩ ግማሽ የጨው እንቁላል፣ የዳክዬው፣ ከነቅርፊቱ፣ አስኳሉ እንደ ብርቱካን እያበራ ቁጭ ብሏል።

«ሃ! ተሉር ማሲን አዳ!» የጨው እንቁላል አለ!

ጮክ ብላ። ከኋላዬ ሰባት ሰው ተሰልፏል፣ ሰባቱም አንገቱን አሰገገ። ቦሌ ጉምሩክ ሻንጣው ተከፍቶ አሥር አይፎን የተገኘበት ሰው መሰልኩ። ማርያምን አልደበቅኩም! እንቁላሉን ቀድሜ አነሳሁ፣ ጎመኑን በላዩ ጫንኩበት፣ በቃ። ይሄን በማላይ እንዴት ላስረዳ? የእኔ ማላይ ከቁጥርና ከምግብ አያልፍም። «ቡካን... ቡካን...» ብዬ ቀረሁ። አይደለም፣ አይደለም። ሌባ ሁሉ የሚለው ነው።

አሥራ ሦስት ከሃምሳ። ስልኬ ደግሞ ያቺን ሰዓት መርጦ የመክፈያውን ኪውአር አላነብ አለ። ሰባቱ ሰው እንደቆመ ነው።

ሻዩስ? «ቴ» ካልክ በጣፋጭ ወተት የተጥለቀለቀ ይመጣል። ያለ ወተት «ቴ ኦ»፣ ያለ ስኳርም ከሆነ «ቴ ኦ ኮሶንግ»። ሁለት ዓመት ስለማመደው ኖሬ ዛሬ ጥርት አድርጌ አልኩት። አስተናጋጁ ልጅ «ቦሌህ ቦስ!» ብሎ ሄደ፣ ይቻላል አለቃ ማለቱ ነው። ወተት ይዞ መጣ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የሑዳዴው ነው። «ዳጊንግ አለው?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ሥጋ አለው ወይ ማለቴ ነው። «ታክ አዳ!» የለም። ደስ ብሎኝ ስጎርስ አንዲት የደረቀች ሽሪምፕ ከጎመኑ ውስጥ አይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ልክ ናቸው እኮ፣ ሽሪምፕ ዳጊንግ አይደለም። ሳምባሉ ራሱ በላቻን አለበት፣ የተፈጨ ሽሪምፕ። ለካ ጾሙን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሬ ስሽረው ነበር። እማዬ ይሄን እንዳታነብ አደራ።

በእጄ ስበላ ደግሞ አጠገቤ ያሉት ይገረማሉ። «ዋህ፣ በእጅ መብላት ትችላለህ!» ወንድሜ፣ እኔ ማንኪያ የያዝኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ብቻ እውነቱን ለመናገር ሩዝ እንደ እንጀራ አይታዘዝም። ግማሹ ጭኔ ላይ ነው የሚያልቀው። የከፈልኩበት ሩዝ!

ይሄን ሁሉ ስል ደግሞ አንዱ ሲጋራውን ለኩሶ ጭሱን ወደ ሳህኔ ይለቃል። ምግብ ቤት ማጨስ ከ2019 (በፈረንጅ) ጀምሮ ክልክል ነው፣ ሦስት ሜትር ራቁ ተብሏል። ሰውየው ወንበሩን አንድ ክንድ ወደ ውጭ ጎተት አድርጎ ሕጉን ያከበረ መሰለው።

ታዲያ ሌላ ቦታ ሂድ ትሉኛላችሁ። የት? ኩዋላ ሉምፑር፣ ቡኪት ቢንታንግ ሰፈር ያሉት የዓረብ ምግብ ቤቶች በአንድ ሳህን የእኔን ሦስት ቀን ይጨርሳሉ። ቤት ደግሞ ያለኝ ኢንዶሚ ነው። እውነት ለመናገር የሴትየዋ ሳምባል ያስለቅሳል፣ በደህናውም በክፉውም።

ነገ እሄዳለሁ። እንቁላሉን ግን ከላይ ነው የማደርገው። አሳው ላይ። እንደ ባንዲራ።