ሪፖርት እንደ ሳኦል!

ውሃ የማይወርድበትን ቦኖ ሪባን ቆርጦ አስመርቆ «ዕቅዳችን መቶ በመቶ ተሳክቷል» የሚል ኃላፊ ሲገጥማችሁ አትሳቁበት። ሙያው የዘር ነው። አባቱም የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ነው፤ የቂስ ልጅ ሳኦል።

የእግዚአብሔር ትእዛዝ አጭር ነበር። የአማሌቅን ሕዝብ ምታ፣ ከሰው እስከ ከብት አንድም አታስቀር። (ለዛሬ ጆሮ ይከብዳል። እሱን ሊቃውንቱ ያብራሩት፤ እኔ የመጣሁት ለሪፖርቱ ነው።) ሳኦል 200,000 እግረኛና 10,000 የይሁዳ ሰው አስከትሎ ዘመተ፤ ድልም ቀናው። ከዚያ የሰባውን ሙክት፣ ያማረውን በሬና ንጉሡን አጋግን ለየት አድርጎ አስቀመጠ። ከሲታውንና የማይረባውን ግን ምንም ሳይራራ ፈጀው። ቆራጥነት ይሉሃል ይሄ ነው!

ቀጥሎ ቀርሜሎስ ጎራ ብሎ ለራሱ የመታሰቢያ ዓምድ አቆመ። ምረቃ ከግምገማ ይቀድማል፤ ደንብ ነው።

ነቢዩ ሳሙኤል ሌሊቱን ሙሉ ወደ አምላኩ ሲጮኽ አድሮ መጣ። ሳኦል አፉን አላስከፈተውም። አስቀድሞ መረቀውና «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ» አለው። ከኋላው በጉ ይጮኻል፣ በሬው ያገሳል። «ታዲያ ይሄ የምሰማው ምንድን ነው?» አለ ሽማግሌው።

ሌላ ሰው ቢሆን ላብ ያጠምቀው ነበር። ሳኦል እቴ! ከብቱን ያስቀረው ሕዝቡ ነው። የቀረውን ያጠፋነው እኛ ነን። ደግሞስ ለአምላክህ መሥዋዕት አይደል የመጣው? ልብ በሉ፣ «አምላክህ» ነው ያለው፤ ኃላፊነት ሲከፋፈል እግዜርም ለሳሙኤል ደረሰ።

ሳሙኤል ግን የሪፖርት ጣዕም የማይገባው ሰው ነበር። መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል፣ ቃሉን ስለናቅህ ንግሥናህ ተንቋል ብሎ ቁርጡን ነገረው። ሳኦልም በደሉን አመነ። አምኖም ሳይጨርስ «በሽማግሌዎቹ ፊት አክብረኝ» አለ። ዙፋኑ ቢቀር መድረኩ አይቅር!

የኋላው ለሪፖርት አይመችም። ክፉ መንፈስ አወከው። በዳዊት ላይ ጦር ወረወረ። ጠንቋይ ከአገር ያጠፋው ንጉሥ ልብሱን ቀይሮ በሌሊት ዓይንዶር ጠንቋይ ቤት ገባ። በጊልቦዓ ተራራ በገዛ ሰይፉ ላይ ወደቀ።

ዘውዱን ይዞ ለዳዊት መርዶ ያደረሰው ጎልማሳም ሽልማት አገኛለሁ ብሎ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ሲል ሪፖርቱን አሳመረ። ያገኘው ሞት ነው። ዳዊት ግን ከመቅጣቱ በፊት የወዴት ሰው እንደሆነ ጠይቆት ነበር።

«አማሌቃዊ ነኝ» አለ።